የሐይቁ ያልሆነው ውሃ

ለተከበሩ የሐይቅ ጥበቃና ሕይወት አድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የሳንባዎን ጤና ከልብ እመኛለሁ። ሳንባን ለይቼ ማንሳቴ እንግዳ ከሆነብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ካለፈው ወር ወዲህ አፌ የሚቀናው ወደዚያው ብቻ ሆኖ ጎረቤቶቼ «እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ «ትንፋሻችሁ ደኅና ነው?» እያልኩ ስመልስላቸው ጊዜ አንዳንዶቹ መንገድ ቀይረውብኛል።

እኔ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ፣ ፔዳሏ በሚንቋቋ የስፌት መኪና የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጽሕፈት ቤትዎ ባዕድ አይደለሁም፤ የሠራተኞችዎን የዋና ልብስ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠበብኩትም ያሰፋሁትም እኔ ነኝ። አንዲት ልጅም አለችኝ። አራት ዓመት በጊዜያዊነት የሐይቁ ሕይወት አድን ሆና ያገለገለች፣ ከአምስት ሳምንት በፊት በተደረገው የቋሚነት ፈተና ላይ ከሐይቁ መሐል ሮዝ አረፋ እያሳለች የወጣችው ያችው ልጅ ናት። ጽሕፈት ቤትዎ ነገ ሐሙስ ጠዋት በዚያው ሐይቅ ከሁለተኛው ዙር ተፈታኞች ጋር ደግማ እንድትፈተን ጠርቷታል። ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርዎ፤ ይህን የምጽፈው ነገን ፈርቼ ነው።

ይህ ለእርስዎ የጻፍኩት ሰባተኛ ደብዳቤ መሆኑ ነው። ስድስቱ መልስ አጡ ብዬ ስምዎን አላጠፋም፤ መልስ ያጡት አምስቱ ብቻ ናቸው። ዝም አይነቅዝም ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ዘንድ ያለው ዝምታ ግን አምስት ሳምንት ተከማችቶ አንድም ነቀዝ ሳይነካው በማየቴ አያያዝዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሰባተኛውን በፖስታ ማሸጉን ትቼ በሐይቁ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ፤ ሲገቡ አንገትዎን እንዳያሳምምዎ ከዓይንዎ ጋር እንዲገጥም አድርጌ ነው የለካሁት። ቁመትዎን አውቀዋለሁ፤ አምና ሱሪዎን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያልተሰጠው አቤቱታ እንደማያነብ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ ምሬቴን እንደሚከተለው በተራ አስቀምጫለሁ።

፩ኛ. ስለ ሁለቱ ሊትር። አምና በሙቀቱ ወራት አንድ ተፈታኝ በሩጫው ላይ ውሃ ጠምቶት መውደቁንና እርስዎም በአባታዊ ርኅራኄ «ማንኛውም ተፈታኝ ከማንኛውም ፈተና በፊት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሊትር ውሃ ይጠጣ» የሚል ሰርኩላር ማውጣትዎን ሁላችንም በምስጋና እናስታውሳለን። «ማንኛውም» የሚለው ቃል ደግሞ ልቡ ሰፊ ነውና ወራቱ ተለውጦ ብርድ ሲገባ፣ ሩጫውም ቀርቶ ዋና ሲሆን፣ ሰርኩላሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ልጄ በዚያ ጠዋት፣ ጥርስ በሚያንገጫግጭ ብርድ፣ ሐይቁ ዳር ቆማ ሁለት ጠርሙስ ጨልጣ ባዶነታቸውን ለመዝጋቢው አሳየች፤ መዝጋቢውም ጥንቁቅ ሰው ነውና ጠርሙሶቹን ገልብጦ አራገፋቸው፤ ከአንደኛው ሦስት ጠብታ በመንጠባጠቡ የጎደለውን እንድታሟላ አደረጋት።

ያከሟት ሐኪም በኋላ እንዳስረዱኝ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የእጅና የእግሩ የደም ሥር ይኮማተርና ደሙ ወደ ደረት ይሸሻል፤ ሰውነቱ አስቀድሞ በመጠጥ ከተሞላ፣ በላዩ ላይ በኃይል ከዋኘ፣ ሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ ሄዶ ፈሳሹ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ሰው በገዛ ፈሳሹ ውስጥ ይሰጥማል ማለት ነው፤ ጉድ እኮ ነው! እኔ የገባኝ በሙያዬ በኩል ነው፤ ከልክ በላይ የታጨቀ ከረጢት የሚያፈሰው በስፌቱ በኩል ነው። ከዋና በፊት በጥማት ልክ መጠጣት ይበቃል አሉኝ ሐኪሙ። እኔም በደብዳቤ ቁጥር ሁለት ይህንኑ ለእርስዎ ማስተላለፌን ከትሕትና ጋር አስታውሳለሁ።

፪ኛ. ስለ ፊሽካው። ፈታኙ፣ ልጆቹ «ባለፊሽካው» የሚሏቸው ሰው፣ ለፍትሕ ያላቸው ፍቅር የሚያስቀና ነው። አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ብለው ከፊሽካው በፊት ማንም ተፈታኝ እግሩን እንኳ ውሃ እንዳያስነካ ከልክለዋል፤ ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ከእንጨቱ መድረክ ላይ ዘለው ይገባሉ፣ የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ደግሞ ባለ በሌለ ጉልበት ይዋኙታል። ሐኪሙ ግን ጫማ፣ ጉልበት፣ ወገብ እያሉ ቀስ ብሎ መግባት፣ ፊትና አንገትን ማርጠብ፣ ትንፋሽ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ መዋኘት ያስፈልጋል ይላሉ፤ ለወራትም በየጊዜው ከቅዝቃዜው ጋር መለማመድ ይጠቅማል ይላሉ። ይህንን ለባለፊሽካው ራሳቸው በአካል ሄጄ ብነግራቸው ውሃው ለሁሉም እኩል እንደሚቀዘቅዝና ከዚህ የበለጠ ፍትሕ እንደማይገኝ በትዕግሥት አስረድተውኛል። አመሰግናቸዋለሁ፤ እኩል ከሆነማ ምን ቀረ።

፫ኛ. ስለ ልብሱ። ክቡር ሆይ፣ በዚህች ቁጥር ላይ ተከሳሿ እኔ ነኝ።

በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ዙር ፈተና በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ቀን መቁጠሪያ የሚሆን ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ያውቃሉ። የአምናው ፎቶ ላይ ልብሶቹ ተጨማደው በመታየታቸው ዘንድሮ ከደረትና ከትከሻ ሁለት ሁለት ጣት እንዲጠቡ አዘዙ፤ ትእዛዙም ወደ እኔ መጣ። የሌሎቹን ሳጠብ የልጄንም አጠበብኩ። አልክድም፤ የእሷን ከሁሉም ይበልጥ አሳምሬ ነው የሠራሁት፣ በፎቶው ላይ እንድታምርልኝ ብዬ። ስትለካው «እማዬ ደረቴን ያዘኝ» አለችኝ። እኔም «ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ቻይው የኔ እናት» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የያዝኩ ሴት፣ ያ ዓይነቱ ጨርቅ ውሃ ሲነካው እንደማይለቅ የማላውቅ ይመስል! ሐኪሙ ምን ለብሳ እንደነበረ ሲጠይቁኝና ደረት የሚያፍን ልብስ ነገሩን እንደሚያባብሰው ሲነግሩኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሥር እርስዎን አልወቅስም፤ እርስዎ አዘዙ እንጂ መርፌ አልያዙም።

፬ኛ. ስለ ሳሉ። በመመሪያዎ መሠረት ሳል ፍርሃት ነው።

ልጄ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ማሳል ጀመረች፤ ትንፋሽ አጠራት፣ ደረቷ ውስጥ እንደ ፈላ ድስት ይንተከተክ ጀመር፣ እጇንም አነሣች። ባለፊሽካው በድምፅ ማጉያው «ለፍርሃት እጅ አትስጪ!» አሏት። ሁለተኛ ጊዜ እጁን ያነሣ እንደሚወድቅ ስለምታውቅ ሌላ መቶ ሜትር ጨመረች። ያቺን መቶ ሜትር እኔ ዳር ቆሜ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ እጄን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ተመልካች ከሚገታበት ገመድ ወዲህ ነበርኩና፣ ገመዱን ማለፍ ክልክል ነበርና። በሌላ ቦታ ማለፍ ክልክል የሆነ ነገር አልፌ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ለምን እንዳላለፍኩ ግን እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም።

፭ኛ. ስለ አስተኛኘቱ። ከውሃው ሲያወጧት ረዳቶችዎ በግድግዳችሁ ላይ ባለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥዕል እንደሚታየው በጀርባዋ አስተኝተው እግሯን ከፍ አደረጉላት፤ ሥዕሉ ግን ራሱን ለሳተ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ዓይኗ ፈጥጦ ለመቀመጥ ትታገል ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቁጭ ማለት የሚፈልገው ወድዶ አይደለም፤ ተኝቶ ስለማይችል ነው። ቀና ባለች ቁጥር ሁለት ጠንካራ ልጆች «ተረጋጊ እህታችን» እያሉ ትከሻዋን ወደ ታች ተጫኑት። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አንደኛው እንባው ይወርድ ነበር። ሥዕሉን ተከተሉ እንጂ ሌላ ምን ያድርጉ?

ከዚያ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ቀዛፊ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ጀልባቸውን ጥለው በገመዱ ሥር ሾልከው ገቡ። ልጆቹን ገፍተው አነሷት፤ ጉልበታቸው ላይ ደገፍ አድርገው ቁጭ አደረጓት፤ በመረብ መቁረጫ ቢላቸውም ልብሱን ከአንገቱ እስከ ሆዷ ሰነጠቁት። ስፌቴን ማለቴ ነው። በዕድሜዬ ሥራዬን ስላበላሸ የመረቅሁት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ ትንፋሿም ትንሽ ተመለሰች፤ ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ገባች። ጽሕፈት ቤትዎም አልተኛም፤ ለጋሽ ቀዛፊ «ያለ ፈቃድ የፈተና ቅጥር ጥሶ በመግባትና የመንግሥት ልብስ በመቅደድ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል፤ ነገም ጀልባቸው ከመድረኩ ሁለት መቶ ሜትር ርቃ እንድትቆም አዟል። ሽማግሌው ወረቀቱን አምጥተው አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ ሳቁ፤ ከዚያም ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

፮ኛ. ስለ መልስዎ። በፈተናው መዝገብ ላይ በልጄ ስም ፊት ለፊት «ውሃ በመዋጥ ያቋረጠች» ተብሎ ተጽፏል። የሐኪሙን ማስረጃ አያይዤ፣ ውሃ እንዳልዋጠች፣ ሳንባዋ ውስጥ የተገኘው ፈሳሽ ከገዛ ደሟ የሰረገ መሆኑን፣ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ደግሞ እንደገና ሊደርስበት እንደሚችል በደብዳቤ ቁጥር አራት አመለከትኩ። መልስ ያገኘው እሱ ነው። እንደወረደ ልጥቀሰው፤ «በልጅዎ ሳንባ ውስጥ የተገኘው ውሃ የሐይቁ አለመሆኑን ራስዎ ስላረጋገጡ ጉዳዩ ጽሕፈት ቤቱን አይመለከትም።» ክቡር ሆይ፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። እንዲህ ያለ ስፌቱ የማይታይ ሥራ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

የልብና የደም ግፊት ምርመራዋ ቀጠሮ ለፊታችን ማክሰኞ ነው። ሐኪሙ ውጤቱ ሳይታወቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ ብለው በእጃቸው ጽፈውላታል። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ነው። በደብዳቤ ቁጥር አምስትና ስድስት የለመንኩት እነዚህኑ አምስት ቀኖች ነበር። ጸሐፊዎ በቃል እንደነገረችኝ ቀኑን መለወጥ የማይቻለው ፎቶግራፍ አንሺው ስለተቀጠረ ነው። በጭራሽ አልተከራከርኩም፤ የሰው ቀጠሮ ማፍረስ ነውር ነው።

«ታዲያ ልጅሽን አንቺው ለምን አትከለክያትም?» ይሉኝ ይሆናል፤ ጎረቤትም ይለኛል። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ በክንዴ ልይዛት አልችልም። ያን የተሰነጠቀ ልብስ ደብቄው ነበር፤ አገኘችው። ለምኜያታለሁ፤ አልቅሼባታለሁ፤ ተቆጥቼ ሁለት ቀን ኩርፊያም ሞክሬያለሁ፤ ኩርፊያዬን ራሷ ምሳ ሠርታ አፈረሰችው። ከዚያ ሐይቅ ዘጠኝ ሰው ጎትታ ያወጣች ልጅ ናት፤ ነገ ካልቀረበች ስሟ እንደሚሰረዝና አራቱ ዓመት አፈር እንደሚበላ ወረቀታችሁ ላይ በቀይ ተጽፏል። «እማዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምዋኘው፣ ካሳለኝ እወጣለሁ» ትለኛለች። ቀስ ብሎ የዋኘ በሰዓቱ እንደሚወድቅ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እንደማናውቅ ሆነን እንተያያለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፤ የእኔም ልጅ እየሳቀች ነው የምትሄደው። እኔ የቀረኝ መጻፍ ነው፤ ደግሞ ማን ያነበዋል?

ስለሆነም፣ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ ነገ ጠዋት ሊደረጉ የሚችሉትን ትንንሽ ነገሮች ብቻ አስቀምጬ ላብቃ፦ ልጆቹ በጥማታቸው ልክ ይጠጡ፤ ከፊሽካው በፊት ወደ ውሃው ቀስ ብለው ገብተው ትንፋሻቸው ይርጋ፤ ያሳለውና ትንፋሽ ያጠረው ወዲያው ይውጣ፣ መውጣቱም ውድቀት አይባል፤ የወጣውም ቁጭ ይበል፣ ይሙቀው፣ ኦክስጅንም ይቅረብለት። ይህ ሁሉ ከበዛ ሁሉንም ይተዉልኝና የጋሽ ቀዛፊን ጀልባ ብቻ ያስጠጉልኝ። እሱም ከበዛ እኔን ከገመዱ ወዲያ ያስቁሙኝ። ምንም አላደርግም፤ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው።

ለሰጡኝ አንድ መልስ፣ ላልሰጡኝም አምስቱ፣ ለቀን መቁጠሪያው ውበት ለሚያሳዩት ጥንቃቄ፣ የሠራተኛ ጥማት ለሚገደው አባታዊ አንጀትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርስዎ በሚመሩት ጽሕፈት ቤት ሥር ሰጥሞ የሚሞት ሰው ቢኖር እንኳ በማን ውሃ እንደሰጠመ በግልጽ ተለይቶ እንደሚመዘገብ በማወቄ እንደ ዜጋ እጽናናለሁ።

ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣ መርፌዬም ክሬም እስከ ዛሬ ድረስ በትእዛዝዎ ሥር ሆነው፣

የጽሕፈት ቤትዎ ልብስ ሰፊ፣ የተፈታኝ ቁጥር ሰባት እናት

ግልባጭ፦
ለባለፊሽካው፣
ለጠርሙስ መዝጋቢው፣
ለፎቶግራፍ አንሺው (ቀጠሮው እንደተጠበቀ ነው)፣
ለሐይቁ (ጉዳዩ እንደማይመለከተው እንዲያውቅ)።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ለነገው ፎቶ «ሁለት ሁለት ጣት ይጥበቡ» ተብለው የተላኩልኝን ዐሥራ አንድ የዋና ልብሶች ዛሬ ከሰዓት በኋላ አሽጌ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ፤ ጸሐፊዎም ሳትከፍታቸው ፈርማ ተቀብላለች። በትእዛዝዎ ላይ ትንሽ ስሕተት ፈጽሜያለሁ፤ ሁሉንም ከደረትና ከትከሻ ሁለት ሁለት ጣት አስፍቻቸዋለሁ። በፎቶው ላይ መጨማደዳቸው አይቀርም፤ ይህን ሰሌዳ ላይ ሲያነቡትም እስከ ጠዋት ድረስ መልሶ የሚያጠባቸው ልብስ ሰፊ በዚህ ሰፈር የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። የልጄን ልብስ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ፊት ለፊቱን ከአንገት እስከ ሆድ በአንድ ቀይ ክር ብቻ ነው የሰፋሁት፤ ጫፉን ሲስቡት ሁሉም በአንዴ ይተረተራል፤ ቢላ አያስፈልገውም። የት እንደሚሳብ ለጋሽ ቀዛፊ አሳይቻቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን በትእዛዝዎ ሁለት መቶ ሜትር ርቀዋል፤ እኔም ከገመዱ ወዲህ ነኝ፤ ቅርብ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። ቀዩን ክር ወደ ታች ይሳቡት፣ ከዚያም ያስቀምጧት፤ አደራ አያስተኟት።